በአፍንጫዬ ሥር ያጤሱት የሮም ጫማ

ልጅ ሳለሁ አንድ ተረት ሰማሁ፤ ተረቱን የነገሩኝ ሰው ደግሞ በዚያው ተረት የተነሣ ከመንደራቸው ወጡ። እስከ መጨረሻው ብትታገሡኝ ጊዜያችሁን እንደማላባክን ቃል እገባለሁ። በመንገዳችን ላይ ስለ ጫማ፣ ስለ ቆዳና ስለ ወባ አንዳንድ ነገር ሳትማሩ አትቀሩም፤ ከዚያ በላይ ግን በአንድ ሰው ላይ የተፈጸመ ግፍ ትሰማላችሁ፤ እኔን እንዳናደደኝ እናንተንም ካላናደዳችሁ ጥፋቱ የአጻጻፌ ነው።

ከጫማው ልጀምር። የጥንት የሮም ወታደር ይጫማው የነበረው ጫማ በራሳቸው ቋንቋ፣ በላቲን፣ «ካሊጋ» ይባላል። እንደ ዛሬው ቡትስ እግርን ሙሉ በሙሉ የሚውጥ አይደለም፤ እንደ ሸበጥም በጣት ላይ የሚንጠለጠል አይደለም። የላዩ ከአንድ ወጥ ቆዳ ይቆረጣል፤ ቆዳው በስለት እየተሰነጠቀ ብዙ ጠፍር ይወጣዋል፤ ጠፍሩ እግርን አቅፎ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይታሰራል። በመካከሉ አየር ይገባል፤ ውኃ ቢገባም መውጫ አለው። ሶሉ ድርብርብ ነው፤ ከሥሩም ራሳቸው ድቡልቡል የሆነ የብረት ሚስማሮች ይመቱበታል። ሚስማሩ ሁለት ሥራ አለው፤ ጭቃና ዳገት ይቆነጥጣል፣ ቆዳውም ቶሎ እንዳያልቅ ይጠብቃል። እንዲያውም ከሮም ነገሥታት አንዱ ቅጽል ስም የወጣለት በዚህ ጫማ ነው። አባቱ የጦር አዛዥ ነበርና ሕፃን ሳለ በልኩ ካሊጋ ተሠርቶለት በጦር ሰፈሩ መካከል ይዞር ነበር፤ ወታደሮቹም በፍቅር «ትንሿ ጫማ» እያሉ ጠሩት።

ይኼን ስልኬ ላይ ሳነብ ሳቅ አልመጣብኝም፤ ደሜ ነው የፈላው። እነዚያ ሰዎች የአዛዣቸውን ልጅ በጫማ ስም ሲጠሩ በፍቅር ነው። በኛ አገር ግን ጫማውን የሚሠራው ሰው «ፋቂ» ይባላል፤ ይኼን ስም በፍቅር ሲጠሩበት ሰምቼ አላውቅም።

ጫማውን ከስሙ በፊት ያወቅሁት ከአያ ተሰማ ነው። አያ ተሰማ የመንደራችን ቆዳ ሠሪ ነበሩ። መንደራችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ ነው፤ የእርሳቸው ጎጆ ደግሞ ከመንደሩ ሁሉ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ለብቻው ነበር። «ቆዳ ውኃ ይፈልጋል፤ ሽታውም ያስቸግራል» ይሉ ነበር ሰዎቹ። እውነት ነው፣ ቆዳ ውኃ ይፈልጋል። ግን አያ ተሰማ በሠርግም ቀን ከዳሱ ውጭ ነበር የሚቀመጡት። ሠርግ ላይ የምን ቆዳ ይነከራል?

እዚህ ላይ አንቱ እያልኩ የምጽፈው አውቄ ነው። በኛ አገር ታላቅህን አንቱ ካላልህ ስድ አደግ ትባላለህ። ሽበታሙን አያ ተሰማን ግን ጢሙ ያላበቀለው ጎረምሳ ሁሉ «አንተ ተሰማ፣ ምራኔን ጨረስኸው?» ይላቸው ነበር። አንቱ የምንላቸው እኛ ልጆቹ ብቻ ነበርን፤ እሱንም ጎጆአቸው ውስጥ ስንሆን።

ለማያውቅ ሰው ምራን ማለት ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር የሚያስረው የቆዳ ጠፍር ነው። ያለ ምራን በሬ አይጠመድም፤ ያለ አያ ተሰማ ደግሞ በመንደራችን ምራን አልነበረም። የአልጋው ጠፍር የእርሳቸው ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ከበሮ ቆዳ የወጠሩት እርሳቸው ናቸው። የካህናቱ የጸሎት መጽሐፍ የሚገባበትን ማኅደር የሰፉት እርሳቸው ናቸው። በመንደሩ ውስጥ እጃቸው ያልነካው ነገር ቢፈለግ የሰው ገበታ ብቻ ነው።

ያኔ የእርሻ ወቅት ሲቃረብ አባቴ የበሬ ቆዳ ጠቅልሎ ያሸክመኝና ከትምህርት ቤት መልስ ወደ አያ ተሰማ ይልከኝ ነበር። እናቴ ደግሞ እስከ ደጁ ተከትላኝ ወጥታ፣

«ምራኑን ተቀበል፤ ቆሎውን ግን እንዳትቀበል። ሰማኸኝ?» ትለኛለች።

«ለምን?»

«ለምን አትበለኝ! አትቀበል አልሁህ፣ አትቀበል ነው።»

እቀበል ነበር። የአያ ተሰማን የሽምብራ ቆሎ ያልበላ ልጅ በመንደሩ ውስጥ አልነበረም፤ እናቶቻችን ብቻ ናቸው የማያውቁት።

የምራን አቆራረጡን ላስረዳችሁ፤ ምክንያቱም ተረቱ የሚለካው በእሱ ነበር። ቆዳው በውኃ ከለሰለሰ በኋላ ከዳሩ ተጀምሮ፣ ልክ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት እየዞረ ወደ መካከሉ ይቆረጣል፤ እንዲያ ሲሆን ከአንድ ክብ ቆዳ ጎጆውን ዞሮ የሚተርፍ አንድ ወጥ ጠፍር ይወጣል። ጠፍሩ እንዳይጠማዘዝ ግን ጫፉን ይዞ፣ በተቆረጠ ቁጥር ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። የኛ ምራን ሲቆረጥ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ተረቱ ሲጀመር ከጉልበታቸው አጠገብ፣ ፊቴን ፍሙ እየለበለበኝ እቆማለሁ፤ ተረቱ ሲገፋ እኔም ወደ ኋላ እያልኩ በሩ ጋ እደርስና ከወንዙ የሚነሣው ብርድ ጀርባዬን ይመታኛል። ሌሎቹ ልጆች በምድጃው ዙሪያ ቁጢጥ ብለዋል። ከምሰሶው ላይ የተሰቀለው ኩራዝ ጥላሸቱን ሽቅብ ይተፋል፤ ከቆዳው ማልፊያ የተረፈው የዛፍ ቅርፊት ፍሙ ላይ ተጨምሮ ጎምዛዛ ጭስ ይለቃል፤ እርጥብ ቆዳና ሞራ ይሸታል። ሰዎች ያ ሽታ ያጥወለውለናል ይላሉ፤ እኔ ግን ያኔም ዛሬም ሲሸተኝ የምሰማው ስለት ቆዳ ላይ የሚሄድበትን «ሽር» የሚል ድምፅና ከሱ ሥር የሚሄደውን የአያ ተሰማን ዝቅ ያለ ድምፅ ነው።

የሮሙን ወታደር ታሪክ የሰሙት ከአንድ የድጓ መምህር ነው ይሉን ነበር። በወጣትነታቸው ለመምህሩ ማኅደር ሲሰፉ፣ ልኩን ለመውሰድ መጽሐፉ አጠገብ መቀመጥ ነበረባቸው፤ መምህሩም ደግ ሰው ነበሩና ከታሪክ ታሪክ እየመረጡ ይነግሯቸው ነበር።

«እንግዲህ የሮም ወታደሮች ኢየሩሳሌምን ከበዋል» ብለው ይጀምራሉ አያ ተሰማ፤ ስለቱ ይሄዳል፤ እኔ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። «ከነሱ መካከል አንድ አለ፤ የጦር አለቃ። ጠላት ነው ብለን ጀግንነቱን አንክድበትም። ጫማው ከሥሩ ሚስማር በሚስማር ነው። ጭቃውን በሱ አልፏል፣ ዳገቱን በሱ ወጥቷል።»

«አያ ተሰማ፣ ካልሲ ነበራቸው?» ይላል የጎረቤታችን ልጅ ደሴ።

«አንተ መች ካልሲ አለህና ነው ለሮም የምትጨነቅ?»

ጎጆው በሳቅ ይሞላል። ደሴ እግሩን ከሥሩ ይሰበስባል። ከሁሉም በላይ የሚስቀው ራሱ ነው።

«ይኼ ሰውየ ብቻውን ዘሎ መቅደሱ ግቢ ገባ። ያ ሁሉ ሕዝብ ከፊቱ እንደ በግ ሸሸ። አባረራቸው፣ አባረራቸው። የግቢው መሬት ግን አፈር አይደለም፤ የተወለወለ ድንጋይ ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ምን እናደርጋለን?»

«ጫማ እናወልቃለን!» እንላለን ሁላችንም በአንድ ድምፅ።

«እሱ አላወለቀም። ሚስማሩ ድንጋዩ ላይ ተንሸራተተ። በጀርባው ወደቀ፤ የብረት ልብሱ ሲንኳኳ የሚሸሹት ሁሉ ዘወር አሉ። ተመልሰው ከበቡት። ተኝቶ ተዋጋ። ጓደኞቹ ግንቡ ላይ ሆነው ያዩታል፤ ይጮኻሉ፤ ጦራቸውን ይነቀንቃሉ። አንድም ሰው ግን አልወረደለትም።»

አንድ ምሽት ጠፍሩን እንደያዝኩ፣ «ለምን አልወረዱም?» አልኳቸው።

ስለቱ ቆመ። «እንጃ ልጀ» አሉ። «እኔም መምህሩን ይኼንኑ ጠይቄአቸው ነበር። አልመለሱልኝም።»

ጫማውን በቃል ብቻ ሰምተን ለመገመት ስንቸገር ጊዜ አያ ተሰማ ከትርፍራፊ ቆዳ አንድ ጥንድ ቆረጡ፤ የኔ እግር ለልኩ ተመረጠና ጫማው የኔ ሆነ። ጠፍሩን ሰነጠቁ፣ ሶሉን ደረቡ፣ ትንንሽ ሚስማር አስገቡበት። በማግሥቱ ወንዝ ወርደን ፈተንነው፤ ጭቃው ላይ እንደ ፍየል ቆምኩ፤ ልብስ የሚታጠብበት ድንጋይ ላይ ስወጣ ግን በቂጤ ወደቅሁ። ደሴና ሌሎቹ ከበቡኝና በሸንበቆ እየወጉ ገደሉኝ። ከዚያ ወዲህ ተረቱ እውነት መሆኑን የሚጠራጠር ልጅ አልነበረም። ጫማውን እናቴ እንዳታይብኝ አልጋዬ ሥር ወሸቅሁት።

አሁን ንዴቴ ወዳለበት ልግባ።

ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ዳር ውኃ ያቆረ ሰሞን ታመምኩ። በኛ ሜዳ ወባ የሚበረታው በዚያ ወቅት ነው፤ ትንኟ የምትፈለፈለው በሚጋልበው ውኃ ሳይሆን በቆመው ነው። መጀመሪያ ብርድ አንቀጠቀጠኝ፣ ቀጥሎ ትኩሳቱ መጣ፣ ቀጥሎ ራሴን ሳትኩ። ከዚህ በኋላ ያለውን ያወቅሁት አጎቴ ስንሻው፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ከነገረኝ ነው።

ትኩሳት አንጎል ሲነካ ሰው ይቃዣል፤ የሚቃዠውም ሲያስብ የከረመውን ነው። እኔ የሮሙን ተረት ቃዠሁ። «ወደቀ፣ ከበቡት» እል ነበር አሉ። ጎረቤታችን እትየ ብርቄ ልትጠይቀኝ መጥታ ይኼን ስትሰማ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣለችና፣

«ኧረ ይኼማ እየለፈለፈ ነው! በልቶታል!» አለች።

በኛ አገር «በልቶታል» ማለት የቡዳ ዓይን ወግቶታል ማለት ነው። ቡዳ ደግሞ ማን እንደሆነ ቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ ቆዳ የሚፍቅ። የተበላ ሰው የበላውን ስም እየጠራ ይለፈልፋል ይባላል። ስለዚህ እትየ ብርቄ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ «ማን ነው የበላህ? ተናገር!» አለችኝ።

እኔም፣ «አያ ተሰማ፣ ለምን አልወረዱም?» አልኩ።

ከዚህ ውስጥ የሰሙት ስሙን ብቻ ነው። ጥያቄውን ማንም ጥያቄ ብሎ አልሰማውም። እናቴ ጮኸች። አባቴና ሁለት ጎረቤቶች ቁልቁል ሮጡ።

አያ ተሰማን ከሥራቸው ላይ አንሥተው፣ እጃቸው በሞራ እንደተቀባ፣ ሽቅብ እየገፉ አመጧቸው። ሰው በየደጁ ወጥቶ ቆሟል። ማኅደሩን የሰፉላቸው ቄስ አለሙም አጥራቸው ላይ ተደግፈው ያዩ ነበር። የጠፍር አልጋ የሠሩለት ሰው ያያል፤ ምራን የቆረጡለት ሰው ያያል። አንድም ሰው «ተዉ፣ ሽማግሌ ነው» አላለም። ግንቡ ላይ የቆሙት የሮም ሰዎች እንኳ ቢያንስ ጮኸዋል።

«እንትፍ በልበት!» አሏቸው ቤት ሲገቡ፤ ቡዳ ተብሎ የተያዘ ሰው በበሽተኛው ላይ ምራቁን እንትፍ ካለበት ይለቀዋል ይባላል።

«ወባ ይሆናል» አሉ አያ ተሰማ። «ሐኪም ቤት ውሰዱት። እባካችሁ፣ ልጁን ሐኪም ቤት ውሰዱት።»

«እንትፍ በል አልንህ!»

እንትፍ አሉ። ምን ያድርጉ? እምቢ ቢሉ ልጁ የሞተው በእምቢታቸው ነው ሊባል ነው። እሺ ሲሉ ደግሞ በላሁት ብለው ያመኑ ሆነ። ቀጥሎ ከበላው ሰው ንብረት አንድ ነገር አምጥቶ ማጤስ ያስፈልጋል ተባለና ቤታችን ሲፈተሽ ጫማው ከአልጋዬ ሥር ተገኘ። እናቴ ስታየው «ይኸው! ይኸው ያደረገበት መድኃኒት!» ብላ መሬት ላይ ወደቀች። ሚስማር የተመታበት፣ ጠፍሩ የተሰነጠቀ፣ በአገሩ ታይቶ የማይታወቅ ጫማ! ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለግ? አያ ተሰማ ሊያስረዱ ሞከሩ፤ «የሮም ወታደር ጫማ ነው፣ ለልጆች ጨዋታ የሠራሁት» አሉ። በዚያ ሰዓት እስቲ አስቡት፣ የሮም ወታደር ጫማ ነው ብሎ ማን ይታመናል?

ቆራርጠው ፍም ላይ ጨመሩት። ያቺን ጊዜ ብቻ በራሴ አስታውሳታለሁ፤ ስድስት እጅ እንደ ምሰሶ ጠምዶ ይዞኝ፣ የሚቃጠል ቆዳ ጭስ በአፍንጫዬ ሲገባ፣ ትንፋሽ አጥቼ ስንፈራገጥ። ስንፈራገጥ «ለቀቀው! እየወጣ ነው!» ብለው እልል አሉ። ትንፋሽ ያጣ ሰው አይንፈራገጥም እንዴ?

አጎቴ ስንሻው ፍኖተ ሰላም ባጃጅ ይነዳ ነበር፤ መታመሜን ሰምቶ የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው። ማንንም ሳያስፈቅድ ተሸክሞኝ ወጣና ባጃጁ ላይ ጭኖ ሐኪም ቤት አደረሰኝ። ከጣቴ ደም ተወሰደ፤ ወባ ሆነ። ክኒን ጀመርኩ፤ ትኩሳቱ በረደ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ሾርባ ጠጣሁ።

ወደ መንደር ስንመለስ እናቴ እያለቀሰች ሳመችኝ። እትየ ብርቄም መጥታ ሳመችኝ። «ጭሱ አዳነህ ልጀ» አለችኝ።

«የምን ጭስ?» አለ አጎቴ። «ወባ ነው! ደሙ ታይቶ፣ ወባ ተገኝቶበት!»

«ወባውንስ ማን ላከበት?» አለች።

ይኼን አባባል ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት አላውቅም፤ መውጫ ቀዳዳ የለውም። ልጁ ቢሞት ተሰማ በላው። ልጁ ቢድን ጭሱ ሠራ፤ ጭሱ ከሠራ ተሰማ ነበር የበላው። ሐኪሙ ወባ ቢል ወባውን ተሰማ ላከው። እኔ ደግሞ ቆሜ «አያ ተሰማ ምንም አላደረጉኝም፣ ተረት ነው የነገሩኝ» ስል፣ «አየኸው? ገና አልለቀቀውም» ይባባላሉ። ንጹሕ ሰው በምን በኩል ይውጣ? እስኪ አንድ ሰው ያስረዳኝ።

የነፍስ አባታችን ቄስ አለሙ ለፀበል ቤታችን ሲመጡ፣ ማኅደራቸው ትከሻቸው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ «አባ፣ ይኼን የሰፉት አያ ተሰማ አይደሉም?» አልኳቸው።

«ናቸው» አሉ፤ ከአዋቂ አፍ ለአያ ተሰማ አንቱ ሲባል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ታዲያ እጃቸው መጽሐፉን ካላረከሰው እኔን እንዴት ይበላኛል?»

አባቴ በዓይኑ ቀጣኝ። ቄስ አለሙ ማኅደሩን ዳበስ ዳበስ አደረጉት። «የማኅደሩ ሌላ ነው ልጀ፤ የሰውየው ሌላ ነው» አሉና መስቀሉን ለእናቴ አሳለሙ።

አያ ተሰማ ያን ወር አልጨረሱትም። በራቸው ላይ አመድ ተበተነ። ልጆች ወደዚያ ዝር እንዳይሉ ተከለከሉ። ዕቃቸውን በአህያ ጭነው በጠዋት ቡሬ ገቡ። እኔ የደረስኩት ቤቱ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው፤ የቆዳ መንከሪያው ጉድጓድ ውኃ ይዞ ቀርቶ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ትንኝ ፈለፈለበት። ቡዳ ነው ብለው ያባረሩት ሰው ሲሄድ፣ እውነተኛዋን በላተኛ ደጃቸው ላይ አሳደጓት!

በጣም የሚያናድደኝን ደግሞ ልንገራችሁ። አባቴ ምራን አሁንም ከአያ ተሰማ ነው የሚገዛው። ቡሬ ድረስ ይሄዳል። «የተሰማ ምራን አይበጠስም» ይላል፤ ፊቱ አይቀላም።

ጎርምሼ ቡሬ የእህል መጋዘን ሸክም ሥራ ስጀምር ፈልጌ አገኘኋቸው። መናኸሪያው አካባቢ ቆርቆሮ ጣል ያደረጉባት ጥግ አለቻቸው፤ ጫማ ይሰፋሉ፣ ሶል ይቀይራሉ፣ ጠፍር ይሸጣሉ። ዓይናቸው ደክሟል። መርፌውን አስቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«አደግህሳ!» አሉኝ። «ወባዋ አልተመለሰችብህም?»

ከሁሉ ነገር አስቀድመው የጠየቁኝ ጤናዬን ነው። ምሳ እንብላ አልኳቸው። «ሰው ያያል» አሉ። «ይይ!» አልኩ። አጠገባችን ካለችው ምግብ ቤት ሽሮ አስመጣሁና ጫማ መስፊያው ሣጥን ላይ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየን፣ ከአንድ ሳህን በላን። ስልኬን አውጥቼ የጫማውን ስዕል አሳየኋቸው፤ ካሊጋ እንደሚባል፣ የትና መቼ ይደረግ እንደነበር ዘረዘርኩላቸው። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ። «ካሊጋ» አሉ ቀስ ብለው፤ ሳቅም አሉ።

ከጎናችን ጫማ የሚጠርጉ ሊስትሮ ልጆች ነበሩ፤ ስዕሉን ለማየት ተንጠራርተው ከበቡን። «አያ ተሰማ፣ እስኪ ተረቱን ይንገሯቸው» አልኩ።

ፊታቸው ተለወጠ። መርፌውን አነሡ።

«እኔ ለልጅ ተረት አልነግርም» አሉ። «ከዚያ ወዲህ ነግሬ አላውቅም። ልጅ ይታመማል፤ ልጅ መታመሙ አይቀርም። ያን ጊዜ ስሜን ይጠራል።» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «አንተ ንገራቸው። አንተ የገበሬ ልጅ ነህ፤ አንተ ብትነግራቸው ማንም አይታመምም።»

ይኼንን ሲሉ በምሬት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። የተናገሩት ግን እንደ ተራ ነገር፣ «ዝናብ ሊመጣ ነው» እንደሚባለው ነው። ቤታቸውን ስላስለቀቋቸው እናደዳለሁ፤ ያን ዕለት ግን የተሰማኝ ንዴት ከዚያ ይብሳል። በልጅነቴ ቁጭ ብድግ ያሰኘኝ፣ ሮምን ወንዛችን ዳር ያመጣልኝ ያ ድምፅ በፈቃዱ ዝም ብሏል። ዝም ያሰኙት ሰዎች ደግሞ ምራኑን በደህና ዋጋ ይገዙታል።

ነገርኳቸው። ግን ከማንም ተረት በፊት የማይባል ነገር ብዬ ጀመርኩ፦ «ይኼን የነገሩኝ እኒህ የተቀመጡት አያ ተሰማ ናቸው። ልጅ ሆኜ ስታመም በላው ተብለው ከአገራቸው ተባረሩ። እኔ የታመምኩት በወባ ነው። አሁን ስሙ።» ልጆቹ ወደሳቸው አዩ፤ አያ ተሰማ ቀና አላሉም፤ መርፌው ግን ቆሞ ነበር። መንገዱ ላይ ባጃጅ ይጮኻል፣ የሚኒባስ ረዳት ነቀምት ነቀምት ይላል፤ እኔ ወታደሩን መቅደሱ ግቢ አስገባሁት። ድንጋዩን እንዴት እንደምገልጸው ጠፍቶኝ «ልሙጥ ነው፣ በጣም ልሙጥ» እያልኩ ስደናበር፣ ከጎኔ ዝቅ ያለ ድምፅ፣

«እንደ በረዶ ነው በላቸው» አለ።

ከዚያ ወዲህ ያለ እርሳቸው ስም ያን ተረት ነግሬ አላውቅም። እናንተም ከኔ ሰምታችኋልና ለልጆቻችሁ ስትነግሩ ስማቸውን ጨምሩ። ይኼ ግን አይበቃም። በመንደራችሁ ዳር፣ ከሰው ሁሉ ዝቅ ብላ የተሠራች አንዲት ጎጆ አለች፤ የት እንዳለች ታውቋታላችሁ፤ ቆዳ ወይም ሸክላ ወይም ብረት የሚሠራባት ናት። በዚህ ሳምንት ሂዱ። ልጃችሁን ይዛችሁ ግቡ። ሰውየውን አንቱ በሉ፤ ከሚቀርበው ቆሎ ዝገኑ፤ ለልጃችሁም ስጡት፤ ከዚያ «አንድ ተረት ይንገሩን» በሉ። ሰውየው ይበላችሁ እንደሆነ፣ አይበላችሁ እንደሆነ፣ ራሳችሁ ሞክሩት።

ከዚያ በኋላ ልጃችሁ ትኩሳት ቢይዘው ደግሞ ደሙን አስመርምሩለት።